ህልሙን ቶሎ አትፍቱት

(በአንድ የንባብ ክበብ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፤ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ አትፈሩ፣ ኑ ተቀመጡ።

በጥያቄ ልጀምር። ትናንት ሌሊት ህልም ያየ እጁን ያውጣ። እሺ፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። አሁን ደግሞ ያንን ህልም በማየቱ ደመወዝ የተከፈለው እጁን ያውጣ። ማንም የለም። ዛሬ የምናወራው ደመወዝ ስለተከፈላት ሴት ነው።

አጭር ልቦለዱ የኮሎምቢያዊው የገብርኤል ጋርሺያ ማርኬዝ ነው፤ በእንግሊዝኛው ትርጉም «ህልሜን እሸጣለሁ» ይባላል። በ1992 በታተመው፣ 12 ታሪኮች በያዘው መድበሉ ውስጥ ይገኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልተርክላችሁ። ያነበባችሁት ታገሱኝ።

ቦታው ሃቫና ነው። ባሕር ዳር ባለው ሪቪዬራ ሆቴል ሰዎች በረንዳ ላይ ቁርሳቸውን እየበሉ ነው። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ድንገት አንድ ግዙፍ ማዕበል ይነሳና መንገድ ላይ የነበሩትን መኪኖች ያፍሳቸዋል። አንዷን መኪና የሆቴሉ ግድግዳ ውስጥ ይሰካታል። ሰዉ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ተረባርቦ ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፍርስራሹን ያነሳል። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ የቀረችውን መኪና በክሬን ሲያወጧት፣ ውስጧ አንዲት ሴት ተገኘች። መሪው ፊት ተቀምጣ፣ በመቀመጫ ቀበቶ እንደታሰረች ሞታለች። የእባብ ቅርጽ ያለው የወርቅ ቀለበት አድርጋለች። የእባቡ ዓይኖች መረግድ ናቸው። የፖርቱጋል አምባሳደር የቤት አስተዳዳሪ ናት ተባለ።

ተራኪያችን ስለ ቀለበቱ ሲሰማ ይደነግጣል። ከ34 ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለበት የምታደርግ ሴት ያውቅ ነበር። እውነተኛ ስሟን ነግራው አታውቅም። ከላቲን አሜሪካ የመጡ ተማሪዎች ያወጡላት ስም ፍራው ፍሪዳ ነበር። አዎ፣ ፍሪዳ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚያስታውስ ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው። በጀርመንኛ ግን ከሰላም ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ ፍራው ደግሞ ወይዘሮ ማለት ነው።

ይህች ሴት ኮሎምቢያ ተወልዳ ቪየና ደርሳለች። ክረምቱ ሲጠናባት፣ ደስ ያላትን አንድ ቤት መርጣ በሩን አንኳኳች። ምን ሥራ ትችያለሽ ተባለች። ህልም አያለሁ አለች። ተቀጠረች። አንድ ክፍል ተሰጣት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ትንሽ ደመወዝም ተቆረጠላት። ሥራዋ ጠዋት ቁርስ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲቀመጥ፣ ሌሊት ያየችውን መናገር ነው።

ስለዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛው ስለ አነጋገሩ ነው። ሁለተኛው ስለ ፍቺው። ሦስተኛውን ስደርስበት እናገረዋለሁ፤ ከሁሉ የምወደው እሱ ስለሆነ ነው የማቆየው።

ከዚያ በፊት ግን ከሕይወቴ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነው። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ «ማዕበሉ የምን ምልክት ነው?» የሚል። እኔም «የሞት ምልክት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ሙሉ! ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንን ታሪክ አንስቼው አላውቅም። ለምን አነሳዋለሁ? መልሱን አግኝቻለሁ፤ አልቋል።

እስቲ ቋንቋችንን አድምጡት። ህልም «ይፈታል» እንላለን። ሌላስ ምን ይፈታል? ቋጠሮ ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ትዳር ይፈታል። ፈታነው ስንል ለቀቅነው ማለታችን ነው፤ ሄደ፣ ከእጃችን ወጣ። እኔ ያንን ታሪክ በአንድ ቃል ፈትቼ ለቀቅኩት። ልቤ የሚቆጨው ይሄ ነው። ዛሬ የምለምናችሁም ይህንኑ ነው፤ ቶሎ አትፍቱት። እባካችሁ፣ ቶሎ አትፍቱት።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልምጣ። አነጋገሩ።

ምትሃታዊ እውነታ፣ ብዙዎቻችሁ ማጂካል ሪያሊዝም የምትሉት፣ ስሙ መጀመሪያ የመጣው ከሥዕል ነው። ፍራንዝ ሮህ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ጥበብ ሐያሲ በ1925 ስለ አዲስ የአሳሳል ስልት ሲጽፍ ተጠቀመበት። በ1949 ደግሞ ኩባዊው አሌሆ ካርፔንቲየር፣ በእኛ አገር ተዓምሩ እውነታው ውስጥ ነው ያለው የሚል ሐሳብ ጻፈ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ እዚህ ላይ አላቆያችሁም። የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተዓምሩ የሚነገረው እንደ ተራ ነገር ነው። ድምፅ ሳይነሳ፣ «ጉድ በሉ!» ሳይባል።

ማርኬዝ ጋዜጠኛ ነበር። በ1955 ወደ አውሮፓ የሄደው ለአንድ ኮሎምቢያዊ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ነው። በ1981 በታተመ ቃለ ምልልስ ስለዚህ ዘዴ ተጠይቆ የሰጠው ምሳሌ አለ። ዝሆኖች ሰማይ ላይ እየበረሩ ነው ብትል ማንም አያምንህም። 425 ዝሆኖች እየበረሩ ነው ካልክ ግን ሰው ሊያምንህ ይችላል። አያችሁ? ቁጥሩ ነው የሚያሳምነው። ይህን ከጋዜጠኝነት ተምሮታል። ፊት ሳይለወጥ መናገርን ደግሞ ከአያቱ አገኘው፤ የሚያስደነግጠውን ሁሉ እንደ ዕለት ወሬ ትነግረው ነበር።

አሁን ወደ ማዕበሉ ተመለሱ። ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጸዳ። ክሬን መጣ። የመቀመጫ ቀበቶ ነበራት። መኪናዋ አዲስ ነበረች። ሴትዮዋ ሃቫና ከደረሰች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ይህ ምን ይመስላችኋል? የፖሊስ ሪፖርት አይመስልም? ተራኪው አንድ ነገር ብቻ ማወቅ አልቻለም፤ ቀለበቱን የትኛው ጣቷ ላይ እንዳደረገችው። የቪየናዋ ሴት በቀኝ እጇ ሌባ ጣት ላይ ነበር የምታደርገው። አንድ ጣት! በዚያ ሁሉ ውሃና ብረት መሃል፣ ታሪኩ በአንዲት ጣት ላይ ተንጠልጥሏል። ፈተናው ላይ «ማዕበሉ የምን ምልክት ነው» ከሚለኝ «የትኛው ጣት ነበር» ቢለኝ ኖሮ፣ ያን ጊዜ ታሪኩን ደግሜ አነበው ነበር።

ስለዚህ ለጥናት ስትቀመጡ እርሳስ ያዙ። ቁጥር ባገኛችሁ ቁጥር አስምሩ። ቀለም፣ የዕቃ ስም፣ ሰዓት፣ አስምሩ። ተዓምሩን ተዉት። የተዓምሩን ጎረቤቶች ተመልከቱ።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ፍቺው።

ፍሪዳ 11 ልጆች ካሉት ቤተሰብ ሦስተኛ ልጅ ናት። አባቷ ባለሱቅ ነው። ልጅ እያለች አንድ ሌሊት ታናሽ ወንድሟን ጎርፍ ሲወስደው በህልሟ አየች። እናትዬው ምን አደረገች? ልጁ የሚወደውን ዋና ከለከለችው። ትክክል ነው አይደል? ህልሙ ውሃ ነው፤ ከውሃ መራቅ ነው። ልጅቷ ግን ሌላ ፍቺ ነበራት። የህልሙ ትርጉም ልጁ ጣፋጭ እንዳይበላ ነው አለች። ጎርፍና ከረሜላ! ምን አገናኛቸው? ልጁ ገና የ5 ዓመት ልጅ ነው፤ ደብቆ የሚበላት አንዲት ከረሜላ ጉሮሮው ላይ ቀረችና ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኔ ስንት ጊዜ ቆሜበታለሁ። ህልሙን ማንም ሊያየው ይችላል። ጎርፍ ያላየ ማን አለ? ከጎርፍ ወደ ከረሜላ የሚወስደውን መንገድ ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ኃይሏ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ያየችውም እሷ፣ የምትፈታውም እሷ። ዳኛውም ምስክሩም አንድ ሰው ሲሆን ማን ይከራከራል?

ቪየናም የሆነው ይኸው ነው። ቀስ በቀስ ቤቱ በእጇ ገባ። ማን ዛሬ ይውጣ፣ ማን ቤት ይዋል፣ የምትወስነው እሷ ሆነች። የቤቱ አባወራ ሲሞት ከሀብቱ ድርሻ ተናዘዘላት፤ ህልሟ እስኪያልቅ ድረስ ለቤተሰቡ ማለሟን እንድትቀጥል ብሎ። ልብ በሉ፤ ይህ ቤት ያለው ቪየና ነው። ሕመምተኞቹን ህልማቸውን እያዳመጠ ያክም የነበረው ሐኪም ፍሮይድ ህልምን ስለመተርጎም የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ 1900 የሚል ዓመት ታትሞበት የወጣው፣ እሱ ቪየና ሲኖር ነው። እሱ ጋ የሚከፍለው ህልሙን ያየው ሰው ነው። ፍሪዳ ጋ የምታልመው ተከፋይ ናት። ደራሲው ይህን አስቦት ይሁን አይሁን አይናገርም፤ እኔ ግን ከተማዋ ዝም ብላ የተመረጠች አይመስለኝም።

የስፓኒሽ ርዕሱንም ላንሳላችሁ። ቃል በቃል «ለማለም ራሴን አከራያለሁ» እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛው ትርጉም «ህልሜን እሸጣለሁ» ሆኗል። ልዩነቱ ትንሽ ነው? በፍጹም! የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ለማለም የምታከራይ ሴት ግን ራሷን ነው የምትሰጠው፤ እንቅልፏን፣ ሌሊቷን። ተኝታም ሥራ ላይ ናት። የደከመው ሰው የሚያርፍበትን ሰዓት ነው ያከራየችው። ይህን ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ ታዝንልኛለች ብዬ የማላስባትን ሴት እኔ አዝንላታለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። 12 ዓመቴ ነው። የክፍላችን ልጆች ሽርሽር ሊሄዱ ነው፤ አውቶቡሱ ማለዳ ይነሳል። ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ስደርስ እናቴ መጣች። ሌሊት ጥሩ ያልሆነ ህልም አይታለች። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ የትም አትሄድም» አለችኝ። ለመንኳት። አለቀስኩ። ጎንበስ አለችና የጫማዬን ክር ፈታ፣ ከቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ መዝዛ አወጣችው። ሁለቱንም ክሮች መዳፏ ውስጥ ጠቅልላ ጨበጠች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋን ስትሠራ የዋለችው አንድ እጇን እንደጨበጠች ነው።

አውቶቡሱ ምን ሆነ? ምንም። ልጆቹ እየዘፈኑ ተመለሱ። ለሳምንታት አኮረፍኳት። ግን ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሳስታውስ አንድ ነገር የተረፍኩ ይመስለኛል። ከምን እንደተረፍኩ ግን አላውቅም። ህልሙ ምን እንደነበርም አልነገረችኝም።

ማርኬዝን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ደነገጥኩ። ፍሪዳ አንድ ሌሊት ተራኪውን ከቪየና ቶሎ ውጣ፣ 5 ዓመት እንዳትመለስ ትለዋለች። በዚያው ሌሊት የመጨረሻውን ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሮም ይሄዳል። ምንም ነገር ሲደርስ አናይም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ካልደረሰበት አደጋ የተረፈ ሰው አድርጎ ራሱን ይቆጥራል፤ ቪየናም አልተመለሰም። ያ እኔ ነኝ! የጫማ ክሩን የተቀማው ልጅ!

ስለዚህ «ህልሙ እውነት ሆነ ወይስ አልሆነም?» የሚለው ጥያቄ ታሪኩን አይከፍተውም። እውነት ባይሆንም ሰውየው ባቡር ላይ ነው፤ እኔም ቤት ውያለሁ። ይልቅ ይህን ጠይቁ፤ ህልሙ ከተነገረ በኋላ ማን ተነሳ፣ ማን ተቀመጠ፣ ማን አተረፈ?

አሁን ሦስተኛው። ያቆየሁላችሁ።

ዓመታት አልፈው ተራኪውና ፍሪዳ ባርሴሎና ውስጥ ይገናኛሉ። ከተራኪው ጋር ያለው ቺሊያዊው ገጣሚ ፓብሎ ኔሩዳ ነው። አዎ፣ እውነተኛው ኔሩዳ፣ በ1971 ኖቤል የተሸለመው። ልቦለድ ውስጥ ገብቶ ሦስት ሎብስተር ይበላል። እንደ ቀዶ ሐኪም እየበለተ፣ የሌላውንም ሰው ሳህን እየቀመሰ። ከኋላው አንዲት ሴት እንደምታየው ይሰማዋል። ፍሪዳ ናት። ሲተዋወቁ በህልሟ አይደነቅም፤ ነገን ማየት የሚችለው ግጥም ብቻ ነው የሚል ሰው ነው።

ምሳ ካበቃ በኋላ ለ10 ደቂቃ ይተኛል። ሲነሳ ጉንጩ ላይ የትራሱ ጥልፍ ፊደላት ታትመዋል። ይህችን ልብ አላችሁ? ጥልፍ ፊደል፣ ጉንጭ ላይ! እንቅልፍ በሰው ፊት ላይ ሲጽፍ። እኔ ይህችን መስመር ለማግኘት አሥር ገጽ አነባለሁ። ከዚያ ኔሩዳ ምን አለ? ያቺ ሴት እኔን በህልሟ ስታየኝ አየኋት አለ። ተራኪው ይህ የቦርኼስ ነገር ነው ይለዋል፤ ቦርኼስ እንዲህ ያለ ህልም በህልም ውስጥ የሚጽፍ አርጀንቲናዊ ደራሲ ነው። ኔሩዳም ቅር ብሎት ጽፎታል እንዴ ብሎ ይጠይቃል።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ኔሩዳ መርከብ ይሳፈራል። ተራኪው ለመሸኘት ሲሄድ ፍሪዳንም እዚያው መርከብ ላይ ያገኛታል። እሷም ከሰዓት ጋደም ብላ ነበር። ገጣሚው እኔን በህልሙ ሲያየኝ አየሁ አለችው።

እስቲ አስቡት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ምስክር ያለው ህልም ይህ ብቻ ነው። እኛ አንባቢዎቹ በዓይናችን ያረጋገጥነው ይህንኑ ብቻ ነው። ተዓምር ካለ፣ ተዓምሩ ይህ ነው። እሷ ግን ምን አለች? ከብዙ ህልም መሃል አንዳንዴ ከሕይወት ጋር የማይገናኝ ይገባል አለችው። ናቀችው! ማንም የማይገዛው ህልም ነዋ። ማንም ቤት እንዲውል፣ ማንም ባቡር እንዲሳፈር አያደርግም። ለእሷ ህልም ማለት ሥራ ነው። ሥራ ያልሆነውን ህልም፣ ያንን ውብ፣ ያንን ንጹህ ህልም፣ ሳታውቀው ጣለችው።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ትንሽ እቀመጣለሁ። ራሷን አከራይታ አከራይታ፣ ለራሷ የመጣውን እንግዳ መለየት አቃታት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከነጥቦቼ ውጪ ነው። ያለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት ልጅ፣ ዛሬም እዚህ አለች፣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ህልም ጎርፍ አይደል? ጎርፍ ሰው ሲወስድ። መጨረሻ ላይ ውሃ የወሰደው ማንን ነው?» መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም እያሰብኩት ነው። ምናልባት ያ ጎርፍ የወንድሟ አልነበረም። ምናልባት ለከረሜላ የተፈታው ህልም ዕድሜዋን ሙሉ ሃቫና ላይ ሲጠብቃት ኖሯል። ደራሲው ይህን አላለም። እኛ ግን ማሰብ እንችላለን።

መድበሉ ራሱም ከህልም ነው የተነሳው። ማርኬዝ በመግቢያው ይነግረናል። ባርሴሎና ሲኖር በህልሙ የራሱን ቀብር አየ። ወዳጆቹ ሁሉ መጥተዋል፤ ደስታ ነው፣ ሳቅ ነው። ሲያበቃ አብሯቸው ሊሄድ ሲል፣ አንዱ፣ አንተ ብቻ ነህ መሄድ የማትችለው አለው። መሞት ማለት ከወዳጆች ጋር ዳግም አለመሆን ነው ብሎ የገባው ያኔ ነው። ከዚያ በደብተር 64 የታሪክ ሐሳቦች ጻፈ። ደብተሩ ጠፋበት። አስታውሶ እንደገና ጻፈ፣ ጣለ፣ ጻፈ። 12ቱ ታሪኮች እስኪቀሩ 18 ዓመት ፈጀ። እሱ ህልሙን 18 ዓመት ሳይፈታ ይዞት ኖረ። እኛ በአንድ ምሽት ለመፍታት ለምን እንቸኩላለን?

ለሚቀጥለው ስብሰባ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ታሪኩ ሲያበቃ ተራኪው ስለ ሟቿ የፖርቱጋሉን አምባሳደር ያናግረዋል። በትክክል ሥራዋ ምን ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። አምባሳደሩ ምንም ይላል። ከዚያ በስፓኒሽ አንድ ግሥ ብቻ ይጨምራል።

ያንን አንድ ግሥ እንዴት ወደ አማርኛ እንመልሰው? «ህልም ታይ ነበር» ልንል እንችላለን። እኛ ህልም «እናያለን»፤ ይመጣል፣ እናያለን፣ ጥፋታችን አይደለም። «ታልም ነበር» ማለትም እንችላለን። ነገር ግን በአማርኛ አለመ ስንል ግብ ያዘ፣ አነጣጠረ ማለትም ነው። ተራኪው ደግሞ ህልሟ የመኖሪያ ዘዴ ነው ብሎ ይጠረጥራታል፤ ባርሴሎና ላይ በፊቷ ነግሯታል፣ እሷም ሳቀችበት። «ህልም ታይ ነበር» ካላችሁ ነጻ ትወጣለች። «ታልም ነበር» ካላችሁ ጥርጣሬው አብሯት ይቀበራል።

እኔ ሁለቱንም ጽፌ ሁለቱንም ሰርዣለሁ። የመረጣችሁትን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ለምን እንደመረጣችሁትም ከሥሩ ጻፉበት።